ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ አዋሽ ወይስ አርባ ምንጭ? የምንጭ ውሃ ለማየት የት እንሂድ

«ለእረፍት ሶደሬ እንሂድ ወይስ ወንዶ ገነት?» በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስነው ርቀት ነው። ሶደሬ ቅርብ ነው፣ በቃ እዚያ ይሁን ይባላል። ከዚያ ግማሹ ቤተሰብ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይውላል። ግማሹ ደግሞ ጥላ ስር ተቀምጦ «እኔ እኮ ተፈጥሮ የምናይ መስሎኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የፈለጉት ነገር የተለያየ ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ ከርቀቱም ከዋጋውም በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ። ውሃው ውስጥ መግባት ነው የምትፈልጉት ወይስ ውሃው ከመሬት ሲፈልቅ ማየት? ሁለቱን እኩል የሚሰጥ ቦታ ብዙ የለም። ሶደሬ ለመግባት ነው። አርባ ምንጭ ለማየት ነው። ወንዶ ገነት መሃል ላይ ይቀመጣል። የአዋሽ ፓርክ ፍል ውሃ ሁለቱንም ይሰጣል፣ መንገዱ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ሙቁና ቀዝቃዛው

ከአራቱ ሦስቱ ፍል ውሃ ናቸው። ቀዝቃዛ ምንጭ ያለው አርባ ምንጭ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ እናታቸውን ለቁርጥማት ብለው አርባ ምንጭ ድረስ የሚወስዱ አይጠፉም።

ልዩነቱ ከመሬት በታች ነው። አራቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ ናቸው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በተሰነጣጠቀው አለት ውስጥ ይሰርጋል። ስንጥቁን ይዞ በጣም ጠልቆ ከወረደ ትኩስ አለት ያገኘዋል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ትኩሱ አለት ከሌላው ቦታ ይልቅ ለላይ ቅርብ ነው። እዚያ የሞቀው ውሃ ተመልሶ ሲወጣ ፍል ውሃ ይባላል። ብዙም ሳይወርድ ከተራራው ግርጌ የወጣው ግን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። አርባ ምንጭ ላይ የሆነው ይሄኛው ነው። የጋሞ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ከገደሉ ሥር ይወጣል።

ይህ ለመንገደኛ ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ ልብስ ለመያዝና ሰዓት ለመምረጥ። ፍል ውሃ የሚጥመው በማለዳና በማታ ነው። ቀትር ላይ፣ ያውም በቆላ ፀሐይ፣ ሙቅ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ነው። የአርባ ምንጩ ጥላና ቅዝቃዜ ግን ቀትር ላይ ነው የሚናፈቀው።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠጣት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ፣ በተለይ ሙቁ፣ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በአካባቢው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብትጎነጩ የሚያደርጋችሁ ነገር የለም። ግን «መድኃኒት ነው» ተብሎ በጄሪካን ተቀድቶ ቤት ድረስ መጥቶ ሕፃን የሚጠጣው ከሆነ ትክክል አይደለም። የመጠጥ ውሃችሁን ያዙ።

ሶደሬ፦ ለዋና እና ለደርሶ መልስ

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። በጊዜ ከወጣችሁ ቁርስ አዳማ፣ ዋና ሶደሬ፣ እራት ቤት ይሆናል። መኪና የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ ይገባል፣ ከአዳማ ደግሞ በሚኒባስ ይቀጥላል። ከአራቱ ውስጥ ማደሪያ ሳይዙ የሚኬድበት ብቸኛው ቦታ ይሄ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ የአንድ ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ሲቀርለት አስቡት።

የሚሰጣችሁ ገንዳ ነው። ትልቅ የመዋኛ ገንዳ አለ፣ ለልጆች የሚሆንም አለ። ከመሬት የሚወጣው ሙቅ ውሃ በቦይ ተመርቶ ነው የሚገባው። ውሃው የሚፈልቅበትን ለማየት ብሎ የሚመጣ ብዙ ሰው የለም፣ መስህቡም እሱ አይደለም። ሰው የሚመጣው ለመዋኘት፣ ጥብስ ለመብላት፣ ዛፍ ስር ለመጋደም ነው። ለዚህ ለዚህ ሶደሬን የሚያህል የለም። ዋና መልመድ የሚፈልግ ጎረምሳ፣ የልደት ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ጉዞ ካላችሁ ወደ ሌላ አትድከሙ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንዱ ጦጣ ነው። ሙዝ፣ ዳቦ፣ የልጅ ብስኩት፣ ምንም አይቀራቸውም። ቦርሳ ዚፑ ካልተዘጋ የእናንተ አይደለም። ልጆች በእጃቸው እንዳያበሏቸው አድርጉ። ጦጣ ይነክሳል፣ ከነከሰ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋል።

ሌላው ወንዙ ነው። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ውሃው ከዳር ሲታይ የሰከነ ይመስላል፣ ሰውም ፎቶ ለመነሳት ይጠጋል። ገንዳው እዚያው እያለ ወንዝ ውስጥ እግር የሚነክር ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።

ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል። የፋሲካ ማግስትና የአዲስ ዓመት ሰሞንማ ገንዳው ውስጥ መቆሚያም ላይኖር ይችላል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መሄድ የሚችል ሰው ሌላ ሶደሬ ነው የሚያየው።

ወንዶ ገነት፦ ለወላጆችና ለጫካ

ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ ሲዳማ ውስጥ፣ በደን የተሸፈነ ተራራ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ ደርሶ መልስ አይሆንም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ያስፈልጋል። ማደሪያውን እዚያው ወይም ሀዋሳ መያዝ ይቻላል። ሀዋሳ ቅርብ ስለሆነች ጠዋት ፍል ውሃ፣ ከሰዓት ሐይቅ ዳር አሳ ማለት ይቻላል።

ቦታውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደውት ማረፊያ ቤት ሠርተውበት ነበር። ለምን እንደወደዱት ለመረዳት ደርሶ ማየት ብቻ ይበቃል። አየሩ እንደ ሶደሬና አዋሽ አያቃጥልም። ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ማታ ቀዝቀዝ ባለ አየር ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሶደሬ ያጣችሁትን ይህን እዚህ ታገኛላችሁ።

ውሃው ከምንጩ ሲወጣ በእጅ የሚነካ አይደለም። እየተንፏቀቀ ሲያልፍ ይበርድና ገንዳ ሲደርስ ለሰው ይሆናል። ገንዳው ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ምንጩ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። እንፋሎቱን ታያላችሁ። ልጆች ድንችና በቆሎ እፍላቱ ውስጥ ቀቅለው ሲሸጡም ታያላችሁ። ግዙላቸው። ብቻ የእናንተን ልጆች እጅ ያዙ፣ ዳሩ ያንሸራትታል፣ ውሃው ደግሞ እውነተኛ የፈላ ውሃ ነው።

ወንዶ ገነት መሃል ላይ ይቀመጣል ያልኩት ለዚህ ነው። መታጠብም አለ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማየትም አለ፣ ጫካም አለ። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሲዘል ይታያል። ወፍ የሚወድ ሰው ካሜራውን ይዞ በጠዋት ቢወጣ አይቆጨውም። የደን ኮሌጁም እዚሁ ነው፣ አሁን በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው።

ድክመቱ አገልግሎቱ ላይ ነው። በዚህ በኩል ሁልጊዜ እኩል አይደለም። አንዱ ጊዜ ክፍሉ ንጹህ፣ ምግቡ ጥሩ ይሆናል። ሌላ ጊዜ መብራት የለም፣ ገንዳው አረንጓዴ ሆኗል። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ሳምንት የነበረ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ የስንት ዓመት እንደሆነ አይታወቅም።

ሽማግሌ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ እኔ ወንዶ ገነትን እመርጣለሁ። አየሩ አያደክማቸውም፣ ውሃው ይመቻቸዋል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ከሆነች፣ ሐኪም ሳይጠየቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይገባም። ጤነኛውም ቢሆን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ወጣ ማለት፣ ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ መመለስ አለበት። ቢራ ጠጥቶ ፍል ውሃ መግባት የተለመደ ነው፤ ራስን ስቶ መውደቅ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

አዋሽ ፓርክ ፍል ውሃ፦ መንገዱን ለሚችሉ

ከአራቱ ውስጥ ውሃው በጣም የሚያምረው እዚህ ነው። ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ ታቹ ድረስ የሚታይ፣ ዙሪያውን ዘንባባ የቆመበት። ገንዳ የሠራለት የለም፣ መሬቱ ራሱ ነው የያዘው። በፎቶ ያየ ሰው «ይሄ ኢትዮጵያ ነው?» ይላል።

ግን ፍል ውሃው ያለው በፓርኩ ሰሜን ጫፍ ነው። ከዋናው አስፋልት ገብቶ ረጅም ኮረኮንች አለ። ፎር ዊል መኪና የግድ ነው። ስካውትም (የፓርኩን ጠባቂ) ይዞ ነው የሚገባው፣ «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» አይሠራም። የዱር አራዊት አለ፣ ከብት የሚጠብቁ አፋሮችና ከረዩዎችም አሉ። ምንጩን ለከብቶቻቸውም ለራሳቸውም የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ሰላም ብሎ መግባት፣ ሳይጠይቁ ፎቶ አለማንሳት ጨዋነት ነው።

ሙቀቱም ይለያል። ምንጩ አጠገብ በጣም ይፋጃል፣ ራቅ ሲል ይበርዳል። በርዷል ብላችሁ ግን ወደ ታች አትውረዱ። ውሃው ቀዝቅዞ ረግረጉ በሚሰፋበት በኩል አዞ ሊኖር ይችላል። የት መግባት እንደሚቻል የሚያውቀው ስካውቱ ነው። እሱ ያሳያችሁ ቦታ ብቻ ግቡ።

መልካሙ ነገር ፓርኩ ራሱ ሌላ የሚያሳየው አለው። የአዋሽ ፏፏቴ አለ። ሳላ በሜዳው ሲግጥ ይታያል። ከመተሐራ ጎን ያለውን የበሰቃን ሐይቅ ደግሞ ሳትፈልጉም ታዩታላችሁ። ይህ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲጋፋ የኖረ ነው።

አንድ ነገር መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ነበር። ብዙ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ፍል ውሃውን የሚያሞቀውና መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው አንድ ነው፣ ከሥር ያለው ትኩስ ነገር። ስለዚህ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ መነሳት ሞኝነት ነው። የጂቡቲው መንገድ ላይም የጭነት መኪና ይበዛል። በሌሊት አትንዱት።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ አዋሽን አልመክርም። ሙቀቱ ብቻውን ይጥላቸዋል። አራት አምስት ሆነው ሁለት መኪና ይዘው ለሚወጡ ጓደኛሞች ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አርባ ምንጭ፦ ውሃው ሲወለድ ለማየት

አሁን ወደምወደው መጣሁ። አድልዎ እንዳለብኝ አውቃችሁ አንብቡ።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ እንደምትይዙት መንገድ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በቡታጅራና ሆሳዕና በኩል ያጥራል፣ በሻሸመኔ በኩል ይረዝማል። ሁለቱም ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። በመኪና ሙሉ ቀን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሚበር ገንዘቡ ያለው አንድ ሰዓት ባልሞላ ወይም ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይደርሳል። ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ግን አትሂዱ፣ መንገዱ ይበላችኋል።

ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ሴቻ፣ ታች ሜዳው ላይ ሲቀላ። ከሴቻ ጫፍ ቆማችሁ ስትመለከቱ በስተግራ ዓባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታያል፣ በስተቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ተራራ አለ። ከእግራችሁ ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደን ተዘርግቷል። ዓባያ ከጣና ቀጥሎ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ቅላቱ ከደጋ ከሚታጠበው አፈር የመጣ ነው።

ያ ደን ነው ወሬው። ምንጮቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተ ሲሆን 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አካባቢው ቆላ ነው፣ ዝናቡ ብቻውን እንዲህ ዓይነት ጫካ አያበቅልም። ደኑን ያቆመው ከገደሉ ሥር የሚወጣው ውሃ ነው። ሾላዎቹ ግዙፍ ናቸው፣ ሥራቸው እርጥብ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለት እርምጃ ገባ ስትሉ ጨለም፣ ቀዝቀዝ ይላል።

ውሃው የሚፈልቀው በአንድ ቦታ አይደለም። እዚህ ከድንጋይ ሥር፣ እዚያ ከሾላ ሥር፣ ራቅ ብሎ ከአሸዋ ውስጥ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ከዚያ ይገናኝና ጅረት ይሆናል። ቁጭ ብላችሁ ብታዩት የሆነ ቦታ አሸዋው ራሱ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ከሥር የሚገፋው ውሃ ነው። አርባ ይሁኑ አይሁኑ አትቁጠሩ፣ ማንም ቆጥሮ አልተስማማም።

ከተማው የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ውሃው ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደው እሱ ነው። ለዚህም ነው መዋኘትን በተመለከተ እዚህ ቦታ ላይ እንደ ሶደሬ ዝም ብሎ ዘሎ መግባት የሌለው። መታጠብ የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን የፓርኩን ሰው ጠይቁ። ሳሙናና ሻምፑ የትም አታፍስሱ። ዳይፐርና የውሃ ላስቲክ ይዛችሁ ገብታችሁ ይዛችሁት ውጡ። አገሪቱ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋሟን እ.ኤ.አ. በ1986 የከፈተችው አርባ ምንጭ ላይ ነው፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከእሱ ነው። ከምንጭ አጠገብ የውሃ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ ጊዜ ቦታው የገባው ሰው ነበር ማለት ነው።

ከምንጩ በተጨማሪ ያለው ነገር ነው ርቀቱን የሚያካክሰው። ጫሞ ላይ በጀልባ «አዞ ገበያ» መሄድ አለ። ግዙፍ አዞዎች ዳር ላይ ተጋድመው፣ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲያንኮራፋ ታያላችሁ። ፓርኩ ማዶ ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ አለ፣ ግን እዚያ የሚያደርሰው መንገድ አስቸጋሪ ነው። ደጋው ላይ ዶርዜ አለ። በቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች፣ ሽመናው፣ ቆጮ ከዳጣ ጋር። አሳው ደግሞ የታወቀ ነው፣ ጉላሹም ጥብሱም። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ችግሩንም ልንገራችሁ። ወባ አለ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ማማከር ይጠቅመዋል። ፓርኩ ውስጥ የቆላ ዝንብም ያስቸግራል፣ መስኮት ዘግቶ መንዳት ነው። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት የሚባል ነገር እንዳታስቡ፣ በአዞውም ምክንያት። ቆሞ የሚውል ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል። ጦጣና ዝንጀሮ እዚህም አሉ፣ የሶደሬው ምክር አይቀየርም።

ልጆቹ ከሰባት ስምንት ዓመት በላይ ከሆኑ አርባ ምንጭ ከአራቱም ይበልጥባቸዋል። ውሃ ከቧንቧ እንደሚመጣ ብቻ ለሚያውቅ የከተማ ልጅ ያንን አሸዋ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በታች ያሉትን ግን የሙሉ ቀን መንገዱ ያሰቃያቸዋል፣ ወላጆቻቸውንም ጭምር።

አምቦና ግሽ ዓባይ፣ ባጭሩ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ጠርሙስ ውስጥ እየገባ ነው። ከዚሁ የማዕድን ውሃ የሚሞላ መዋኛ ገንዳ አለ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሶደሬ ጋር የሚወዳደር የአንድ ቀን ጉዞ ነው። አየሩም ይሻላል።

ግሽ ዓባይ ሌላ ነገር ነው። ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ፣ የዓባይ መነሻ የሆነች ትንሽ ምንጭ ናት። ጸበል ናት። ለመዋኘትም ለሽርሽርም አይኬድም፣ በጾምና በጸሎት ነው የሚኬደው። ጫማ አውልቁ፣ ያልበላችሁ መሆኑን ጠይቀው ያስገቧችኋል ብላችሁ ተዘጋጁ። አሁን ባለው የአማራ ክልል ሁኔታ ግን ጊዜ መስጠቱ ይሻላል።

መቼ ነው ጥሩው

ለሁሉም የሚስማማው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ አዋሽና ሶደሬ ያቃጥላሉ።

ከውጭ የሚመጡት ዘመዶቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚመጡት። ያኔ አዲስ አበባ ጭቃ ነው፣ አዋሽ ወንዝም ነሐሴ ላይ ይሞላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የአርባ ምንጭ ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ሁለተኛው ዝናብ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ። በመካከል ያሉት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከመሃል አገሩ ቀለል ይላሉ። ለክረምት እንግዳ አርባ ምንጭ የምለው ለዚህም ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላቸው ይያዙት፣ የመግቢያና የሆቴል ዋጋ ለውጭ ዜጋና ለአገር ሰው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁለት ቦታ በአንድ ጉዞ ማጣመር የሚፈልግ በሻሸመኔ በኩል ይውረድ። መጀመሪያ ወንዶ ገነት ወይም ሀዋሳ ማደር፣ በማግስቱ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ መግባት፣ ሲመለስ በሆሳዕናና ቡታጅራ ማጠር። ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ታያላችሁ፣ አንድ መንገድም ሁለት ጊዜ አትነዱም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት ሳይታተም ስለሚለወጥ ነው። ስልክ ደውሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ነው፣ «ሰላም ነው ወይ?» ብሎ። ይህን ሆቴሉን ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌርም ጠይቁ፤ ሆቴሉ እንግዳ ይፈልጋል፣ ሹፌሩ ግን መኪናውን ይወዳል። ቀጥሎ ገንዳው የሚታጠብበትን ቀን ጠይቁ። ፍል ውሃ ገንዳ ተደፍቶ ሲታጠብ እንደገና እስኪሞላ ሰዓታት ይፈጃል፣ ያን ቀን ከደረሳችሁ ሲሚንቶ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። መብራትና የክፍል ውሃ መኖሩን፣ ፓርክ ከሆነ ስካውት በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝና መግቢያው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ።

ዕቃ ላይ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለማይዋኙ ልጆች የዋና ጃኬት፣ የመጠጥ ውሃ፣ ዚፕ ያለው ቦርሳ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ፓርክ በር ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ቴሌብር አልሠራ ሲል መመለስ እንዳይመጣ። የወንዶ ገነቱ ገንዳ እድሳት ላይ ከሆነ ሀዋሳ አለላችሁ፣ ሶደሬ ከሞላ አዳማ ውስጥ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ለአርባ ምንጩ ምንጭ ግን ምትክ አላውቅለትም፤ እሱ ከተዘጋ ጫሞና ዶርዜን ይዛችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።